ሁለት ባላ፦ የጎን ሥራ በአዊ ምድር

በ1763 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ ሲወርድ በአገው አገር አለፈ። ስለ አገዎቹ ከጻፈው ሁሉ እኔን የሚስበኝ ስለ ጭነታቸው ያለው ነው። ጎንደርን የሚቀልባት ይህ አገር ነው ይላል፤ ቅቤ፣ ማር፣ ስንዴ፣ ሰም፣ ቆዳና የቀንድ ከብት ይዘው አንዴ ሺህ፣ አንዴ ሺህ አምስት መቶ እየሆኑ ተከታትለው ወደ ከተማዋ ይገባሉ። ቅቤው ያን ሁሉ መንገድ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚደርስም ጠይቆ አውቋል፤ የመቅመቆ ሥር እየቀላቀሉበት ነው።

እነዚያ ሺህ ሰዎች ባለሱቅ ነጋዴዎች አልነበሩም። ሞፈርና ቀንበራቸውን ሰቅለው የወጡ ገበሬዎች ናቸው። ከጭነቱ ከፊሉ ለንጉሥ የሚገባ ግብር ነው፣ ከፊሉ ለገበያ። ሰውየው ማን ነው ቢባል ገበሬ ነው፤ አሁን ምን እየሠራ ነው ቢባል ግን ጭኖ እየነገደ ነው።

ዛሬ በዚሁ የአገው አገር፣ በአዊ ከተሞች በእንጅባራና በዳንግላ ወጣቱ «ፓርት ታይም» የሚለውን ነገር ሰው ከቢሮና ከፈረንጅ አገር የመጣ አድርጎ ያወራዋል። እኔ አይመስለኝም። የዚህ አገር ሰው ዓመት ለአንድ ሥራ ብቻ ተሰፍቶ አያውቅም። ሰንበት አለ፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ አለ። በነዚህ ቀናት በሬ አይጠመድም፣ ማጭድም አይነሣም። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ረጅሙ በጋ ይመጣል። ያኔ በባንጃ ደጋ ቀርከሃ ይሰነጠቃል፣ አጥር ይታጠራል፣ ቅርጫት ይሠራል፣ ማር ይቆረጣል፣ በቅሎ ይጫናል። ሰዉም ስሙን አልጨነቀበትም፤ «ጎን ለጎን» ብሎት አለፈ።

በሰው ጉልበት መዋዋልም የቆየ ነገር ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ደቦ ሲጠራ ጠሪው ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ይጋግራል፤ የመጣው በልቶ ጠጥቶ ሠርቶ ይሄዳል፣ ሒሳብ የሚይዝ የለም። ወንፈል ግን ሌላ ነው። ዛሬ እኔ ጥንድ በሬ ይዤ አንተ ማሳ ላይ ከዋልሁ፣ በተራዬ አንተ ጥንድ በሬ ይዘህ እኔ ማሳ ላይ ትውላለህ። ግማሽ ቀን የዋለ ግማሽ ቀን ይመለስለታል። ያልመለሰ ሰው ለከርሞ ተጣማጅ አያገኝም፤ ዳኛ አያስፈልግም፣ ወሬው ይበቃዋል። ይህቺን የወንፈል ሒሳብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ግማሽ ቀን እንደ ግማሽ ቀን የተከበረችበት የመጀመሪያው ውል ነውና በኋላ እመለስበታለሁ።

የቤተ ክህነት ተማሪም ከዚሁ ወገን ነው። የጎጃም የቆሎ ተማሪ ጠዋት ቅኔ ይቆጥራል፣ ቀን አኩፋዳውን አንግቶ ይወጣል። ቆብ የሚሰፋ አለ፣ ብራና የሚፍቅ አለ፣ መጽሐፍ እየገለበጠ ጥቂት ብር የሚያገኝ አለ። የዛሬ ተማሪ ቤት ኪራዩን ለመክፈል ግማሽ ቀን ሲሸቅል የጀመረው አዲስ ነገር የለም፤ የቀየረው አኩፋዳውን ነው።

በቀን ሒሳብ የሚከፈል ሥራ ወደ ዳንግላ በደንብ የገባው ግን ፈረንጆቹ ሲገቡ ሳይሆን አይቀርም። እንግሊዞች ዳንግላ ላይ ቆንስላ ከፍተው ነበር፤ ቆንስሉ ሜጀር ቺዝማን ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ተቀምጦ ጣናንና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሣ፣ በኋላም መጽሐፍ ጻፈበት። እንዲህ ያለ ሰው ሲንቀሳቀስ በቅሎ ጫኝ ያስፈልገዋል፣ ድንኳን ተካይ፣ ምግብ አብሳይ፣ ዘበኛ፣ መንገድ መሪ ያስፈልገዋል። ጉዞ የሚኬደው በበጋ ነው፤ የገበሬው እጅ የሚፈታውም በበጋ ነው። ሁለቱ ተገጣጠሙ። ክረምት ሲገባ ጉዞው ይቆማል፣ ሰውየውም ወደ እርፉ ይመለሳል። ከጎን የሚገኘው ብር ጨውና ሸማ ይገዛል እንጂ ቤተሰቡን የሚያኖረው ማሳው ነው። ገንዘቡ ቢቀር ይቀራል፤ ረኃብ አይገባም። የጎን ሥራ መልካም ጎኑ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የሚመለሱበት ነገር ሲኖር። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

በ1928 ጣሊያን መጣ። ዳንግላ ላይ ጦር አሰፈረ፣ በየአገሩ መንገድ ለማውጣት በቀን የሚከፈለው ጉልበት ፈለገ። በወዲያኛው ወገን ደግሞ እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ያሉ አርበኞች የዳንግላን ዙሪያ ይዘው ነበር። አርበኝነት ደመወዝ የለውም፤ ስንቁ የሚመጣው ከዚያው ከገበሬው ጎተራ ነው። በ1933 ጥር መጨረሻ ገደማ የጣሊያን ጦር ዳንግላን ለቅቆ ወጣ።

በዚያው በወረራው ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም.፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። በዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞች ይታሰቡበታል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል። ፈረሱ በዚያ ቀን በቀይና በቢጫ ጌጥ ተሸልሞ ይጋልባል፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ የሚያነሣው ያንን ነው። የማይነሣው ሌላው ሥራው ነው። በአዊ ፈረስ ያርሳል። ብዙው ኢትዮጵያ በሬ የሚጠምድበትን ማሳ የአዊ ደገኛ በፈረስ ይገለብጠዋል፤ ያው ፈረስ በገበያ ቀን ድንች ይጭናል፣ ሠርግ ሲኖር ሙሽራ ያጅባል። በዚህ አገር ከሰው ይልቅ ብዙ የጎን ሥራ ያለው ፈረሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከነጻነት በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ኮሶበርንም (የዛሬዋን እንጅባራን) ዳንግላንም የመንገድ ዳር ከተማ አደረጋቸው። መኪና ሲቆም ጫኝና አውራጅ ይበቅላል፤ ሻይ ቤት ይከፈታል፤ ሊስትሮ ይመጣል። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1956 ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ሕጉ ያሰበው የፋብሪካን ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣውን። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እየወረደ ጆንያ የሚያወርደውን የባንጃ ጎበዝ አላሰበውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ግን በቀጥታ ገበሬው ቤት ገባ። ሰዉ የሚያስታውሰው ጭሰኝነትን ማስቀረቱንና ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይያዝ ማለቱን ነው። ብዙም የማይነሣ አንድ ሌላ ነገር አለው፦ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከለከለ። ሴቶች፣ ሕመምተኞች፣ አቅመ ደካሞች ካልሆኑ በቀር ማንም ሰው መሬቱን በተቀጣሪ እንዳያለማ ታዘዘ። ሐሳቡ ይገባኛል። የሰው ላብ እንዳይበዘበዝ ነው። ነገር ግን የአዊ ገበሬ በአረም ወቅት ለሦስት ቀን ልጅ ሲቀጥር በዝባዥና ተበዝባዥ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ለደብተር መግዣ የሚፈልግ። አዋጁ ትልቁን የመሬት ጌታና ትንሹን ጎረቤት በአንድ ወንፊት አበጠራቸው። ወንፈልን ግን አልነካም፤ ብር የለበትምና። እስከ 1982 ድረስ በሕግ ፊት የሰውን ጉልበት ማግኛው መንገድ ያ ነበር። በዚያ ዓመት ኮሎኔል መንግሥቱ «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብለው ሲያውጁ ገበሬ ሠራተኛ መቅጠር እንደገና ተፈቀደለት፤ ከዓመት ከጥቂት ወር በኋላ አገዛዙ ራሱ ወደቀ።

ቀጥሎ የሆነው የጎን ሥራን መልክ የለወጠ ነገር ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ መሬት የሚያገኘው ከአባቱ ቆርሶ ወይም ተከራይቶ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር በአዊ ዞን 982,942 ሰው ነበር፤ ከመቶው ሰማንያ ሰባት ያህሉ ገጠሬ ነው። ሁለት ጥማድ መሬት ለአምስት ልጅ ሲከፈል ምን እንደሚደርሰው ለማስላት ሒሳብ ሹም አያስፈልግም። አያቱ የጎን ሥራ ሲሠራ ዋናው ሥራ ነበረው። የልጅ ልጁ ጎን ብቻ ቀረው።

የቀረው ተስፋ ትምህርት ነበር። ትምህርት ቤቱም ራሱ በግማሽ ቀን ነው የሚሠራው፤ ክፍል ስለማይበቃ በፈረቃ ይማራሉ። ይህ ሳምንት ጠዋት ከሆንህ በሚቀጥለው ከሰዓት ነህ። ከፋግታ ወይም ከጓንጓ ገጠር ወጥቶ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ እሑድ ማታ የሚመጣበትን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ጀርባው ላይ የስንቅ ከረጢት፣ በውስጡ ድርቆሽ፣ በሶ፣ አንድ ሁለት ኪሎ ሽሮ፤ በእጁ ባዶ ጄሪካን። ከሁለት ሦስት ደባሎች ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ኪራዩ ግን ወር ይጠብቃል።

ታዲያ የፈረቃው ትርፍ ግማሽ ቀን ወዴት ሄደ? አሸዋ ማውረድ ሄደ። ድንች መልቀም፣ ባጃጅ ማጠብ፣ ሎተሪ ማዞር፣ የሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ማቀበል ሄደ። ኮብልስቶን ሲመጣ ድንጋይ መጥረብም ተጨመረ። የተሻለው ልጅ የነጋዴ ልጆችን ያስጠናል። መልካሙ ነገር ሊካድ አይገባም፤ ብዙ የዛሬ መምህርና ነርስ በዚያ ግማሽ ቀን ነው ትምህርቱን የጨረሰው። ብር መቁጠርን፣ ሰው ፊት መቆምን፣ ቀጠሮ ማክበርን የተማረው ክፍል ውስጥ አይደለም። ክፋቱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ጠዋት ስድስት ሰዓት ያህል ጠጠር የተሸከመ ልጅ ከሰዓት ሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚያደርገው እንቅልፍ ነው። መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀራል፤ ቀጥሎ አንድ ቀን። በመጨረሻም ሥራው ግማሽ መሆኑ ይቀርና ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል።

የሴቶቹ ታሪክ ከዚህ የከበደ ነው። ከገጠር የመጣችው ልጅ ሰው ቤት ትገባለች፤ ውሉ በቃል ነው፣ «ቀን ትሠሪያለሽ፣ ማታ ትማሪያለሽ» የሚል። የማታ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ብትቆም አርፍደው እየሮጡ የሚገቡት እነሱ ናቸው፤ እንግዳ መጥቶ፣ ሕፃኑ አልተኛም ብሎ፣ እራት ዘግይቶ። እናቶቹ ደግሞ በሌላው ጎን አሉ፦ በሰው ቤት እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ ጠላ መጥመቅ፣ አረቄ ማውጣት። ይህን ሥራ የሚያከናውኑት የራሳቸውን ቤት ሥራ ከጨረሱ በኋላ ነው። ሁለት ግማሽ ተደምሮ አንድ ይሆናል የሚለው ሒሳብ እነሱ ዘንድ አይሠራም፤ አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ነው የሚሆነው።

ከዚያ ዲከረንስ መጣ። የፋግታ ለኮማ ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ ያመጣው ለውጥ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዛፉ የአውስትራሊያ ግራር ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፤ ጤፉን ያጭዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር ሣር ያጭዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። አሲዳም ሆኖ እህል እምቢ ያለው መሬት ገንዘብ አወጣ። በፋግታ ለኮማዋ ከተማ በአዲስ ቅዳም መንገድ ዳር የከሰል ጆንያ እንደ ግንብ ተደረደረ፤ አይሱዙ ሌሊት ሌሊት እየጫነ ወደ አዲስ አበባ ነዳ።

ይህ ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ የጎን ሥራ ነው። ችግኝ የምታፈላው ሴት፣ ቆራጩ፣ ከማሪው፣ አክሳዩ፣ ጆንያ ሰፊው፣ ጫኙ፤ አንዳቸውም በዚህ ሥራ ብቻ አይተዳደሩም። አከሳሰሉን ቀርቦ ያየ ሰው ጉልበቱን ይረዳል። እንጨቱ በልክ ተቆርጦ ይከመራል፣ በሣርና በቅጠል ይሸፈናል፣ አፈር ይለበሳል፣ ከዚያ እሳት ይገባበታል። ቀጥሎ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። አፈሩ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና ከሰሉ አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ ሌሊት ሳይቀር ሰው አጠገቡ ያድራል፣ ጭሱ ነጭና ወፍራም ከሆነበት ሰዓት ጀምሮ ሰማያዊና ቀጭን እስኪሆን ድረስ ይጠብቃል። የአስረኛ ክፍል ተማሪው ለዚህ አዳር ይቀጠራል። ዋጋው የሚቆረጠው በከሰል ክምር ነው እንጂ በሰዓት አይደለም። ስንት ሌሊት እንዳደረ፣ ስንት ሰዓት ጭስ እንደዋጠ የሚቆጥር የለም።

በ2010 ዓ.ም. እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀበለ። ከተማዋ ካፌ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ፀጉር ቤትና የኪራይ ክፍል በዛላት። ወደ ቻግኒና ወደ ጉባ የሚሄደው መንገድም ከ2003 ጀምሮ የሕዳሴ ግድቡን ጭነት ስላሳለፈ የምግብ ቤቱም የጋራዡም ሥራ ደርቶ ነበር። «ፓርት ታይም» የሚለው ቃል እንጅባራ ላይ በሰው አፍ የለመደው በነዚህ ዓመታት ነው። አስተናጋጅ «ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው የምገባው» ማለት ጀመረ። የቢሮ ሠራተኛው ማታ ማታ ባጃጅ ያዘ፤ ለባለንብረቱ የቀን ገቢውን አስገብቶ የተረፈችውን ለራሱ።

መምህራንም አልቀሩም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በአንድ የግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ በክሬዲት ሰዓት ሒሳብ አስተምሬ አውቃለሁ። ማስተማሩ ደስ ይላል፤ ከመደበኛ ሥራዬ የማላገኛቸውን ሰዎች አገኘሁ፦ ቀኑን ሙሉ የሠሩ ነርሶች፣ ፖሊሶች፣ የባንክ ልጆች። ክፍያው ግን ሴሚስተሩ አልቆ፣ ፈተናው ታርሞ፣ ሌላ ሴሚስተር ተጋምሶ መጣ። ማንን እጠይቃለሁ? ወረቀት አልነበረኝም። የተስማማነው በቡና ሰዓት ነበር።

በነገራችን ላይ እዚህ ላይ የሚምታታ ቃል አለ። «የትርፍ ሰዓት» በሕግ ከመደበኛው ሰዓት በላይ የሚሠራ ነው፤ ዋጋውም ይጨምራል። «የትርፍ ጊዜ» የምንለው ግን ከመደበኛው ያነሰ ሥራ ነው። አሠሪዎች ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ሁልጊዜ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር። ከ48 በላይ የዋለ ሰው በቀን አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል፣ በሌሊት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። አራት ሰዓት የዋለውስ? አዋጁ አንቀጽ 10 ላይ የወቅት ሥራን፣ አልፎ አልፎ የሚሠራን ሥራ ይጠቅሳል፤ ሥራው የሚቆይበትን ጊዜ እንጂ የቀኑን ግማሽነት አያወራም። የቤት ሠራተኛዋንም «የግል አገልግሎት» ብሎ ከአዋጁ ውጭ ያስቀምጣታል፣ ለብቻዋ ደንብ ይወጣላታል በሚል። የከሰል ክምር የሚጠብቀውን ተማሪ ግን ያውቀዋል፦ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ሊሠራ አይችልም። አዋጁና የአዲስ ቅዳም ሌሊት ገና አልተገናኙም።

ጡረታም እንዲሁ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በስልክ ተጠርቶ በእጅ ተከፍሎት የሚሄድ ሰው ሃያ ዓመት ቢሠራም አንድም ቀን አይቆጠርለትም። የጎን ሥራ ትልቁ ጉዳቱ ዛሬ የሚከፍለው ትንሽ ገንዘብ አይመስለኝም። ነገ ላይ ስምህን አለመጻፉ ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1986 ዓ.ም. ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራ ብቻ የሚናገር ስምምነት አጽድቋል፤ ቁጥሩ 175 ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው እንደ ሠራበት መጠን ክፍያውን፣ የዓመት ዕረፍቱን፣ የወሊድ ፈቃዱን፣ የማኅበራዊ ዋስትናውን ያግኝ፤ ግማሽ ስለዋለ ከሙሉው አይገፋ። አገራችን ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። ስምምነቱን ሳነብ ግን ያስገረመኝ አዲስነቱ አልነበረም። ግማሽ ቀን የዋለ ግማሽ ቀን ይመለስለታል ማለቱ ነበር። ጄኔቭ ላይ የተጻፈው ወንፈል ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዲከረንሱን የዋግ ዓይነት የፈንገስ በሽታ ያዘው። ቅጠሉ ዛገ፣ ቅርንጫፉ ደረቀ፤ በብዙ ቦታ ዛፉ ሳይደርስ ሞተ። በሽታው ሲገባ መጀመሪያ የተጎዳው ባለማሳው አይደለም፤ እሱ መሬቱን መልሶ ጤፍ ወይም ድንች ሊዘራበት ይችላል። የተጎዱት በክምር ይቀጠሩ የነበሩት ናቸው። ማስጠንቀቂያ አልተሰጣቸውም፣ ካሳ አልታሰበላቸውም፤ ማን ይሰጣቸዋል? ስልኩ መደወሉን አቆመ፣ በቃ።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ብዙ ትምህርት ቤት በሩን ዘጋ። ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ፤ በስልካቸው ትርጉምና የኮምፒውተር ጽሑፍ እየሠሩ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት የጀመሩ ልጆች ያቺው ባላቸውም ተሰበረች። መኪና በማይንቀሳቀስበት ቀን ጫኝ አይጠራም፣ ካፌ አይገባም፣ ባጃጅ አይቆምም። ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ቢሮው ቢዘጋም ወሩ ሲደርስ የሚጠብቀው ነገር አለው። የግማሽ ቀን ሠራተኛ ዛሬ ካልዋለ ዛሬ አልበላም። እነዚህ ዓመታት ያሳዩን ይህን ልዩነት ነው፤ ከዚያ በፊት «ያው ሥራ ነው» እያልን ነበር የምናልፈው።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለውን ደመወዝ ከግብር ነጻ አድርጓል፤ በፊት 600 ብር ነበር። ለግማሽ ቀን ሠራተኛ ደግ ነገር ነው። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም አዋጅ 1156 ይናገራል፤ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ አሁንም የደመወዝ ወለሉን እየጠበቀ ነው።

አዋጁና ቦርዱ እስኪደርሱ እኔ ለእንጅባራና ለዳንግላ አሠሪዎች አንድ ነገር ልለምን። ካፌ ላላችሁ፣ ኮሌጅ ላላችሁ፣ ከሰል ለምትጭኑ፣ ለልጃችሁ አስጠኚ ለምትቀጥሩ። የዚያው አዋጅ አንቀጽ 7 የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገር የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ የሁለቱ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በሰዓት ስንት ብር፣ ክፍያው በምን ቀን። ከፈረማችሁ በኋላ አንዱን ቅጂ ለልጁ ስጡት።